ክፍሉ ያልፋል፤ ትምህርቱስ?

የእስራኤል ትምህርት ቤት በየዕድሜው ከልጆቻችን የሚጠብቀው ምንድን ነው?



በከተማችን በቤር ሼቫ ሰፈሩም ክፍሉም የሚጠራው በፊደል ነው። ሽኹና አሌፍ፣ ሽኹና ቤት፣ ሽኹና ጊመል፣ ሽኹና ዳሌት እያለ ሰፈሩ ይቀጥላል። ትምህርት ቤቱም ኪታ አሌፍ፣ ኪታ ቤት፣ ኪታ ጊመል እያለ እስከ ኪታ ዩድ ቤት፣ ማለትም እስከ 12ኛ ክፍል ይዘልቃል። ይሁን እንጂ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዛወር ሰው ዕቃውን ጭኖ ነው የሚሄደው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወር ልጅ ግን ያለፈውን ዓመት ትምህርት ሳይዝ ሊሻገር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንፈልገው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በእስራኤል ልጅን ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግረው በአብዛኛው ዕድሜው እንጂ የጨረሰው ትምህርት አይደለም። ክፍል መድገም ብዙም የተለመደ አይደለም። ስለሆነም «ልጃችን ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ትምህርት ቤቱ በየዕድሜው ምን እንደሚያስተምርና ለቀጣዩ ደረጃ ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ የግድ ያስፈልጋል። ይህንን ለወላጆች በሚያመች መንገድ፣ ለተመራማሪዎችም ታሪካዊ መነሻውን በማስታወስ ቀጥለን እናብራራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ለማሳሰብ እንወዳለን።

በአገር ቤት ትምህርት በምን ይከፈል ነበር?

በገጠር ያደግን ሁላችን እንደምናስታውሰው፣ ወንድ ልጅ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ግልገልና ጥጃ እንዲጠብቅ ይላካል። ያንን ሲለምድ ከብት ያግዳል። ጉልበቱ ሲጠና ከአባቱ ጋር ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻ ይወርዳል። የአንጥረኛ ልጅ ወናፍ ከመንፋት ይጀምራል፤ መዶሻ የሚጨብጠው በኋላ ነው። የሸማኔ ልጅ ክር ከማጠንጠን ይነሣል። ሴት ልጅ ደግሞ ውኃ ከመቅዳት ጀምራ ጥጥ ወደ መፍተልና እንጀራ ወደ መጋገር ታልፋለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ከሆነች በመጀመሪያ ጭቃ ታቦካለች፣ ቀጥሎ ትንንሽ ዕቃ ትሞክራለች፣ በመጨረሻ ድስትና ጀበና ትሠራለች።

ይህ በወረቀት ያልሰፈረ ሥርዓተ ትምህርት ነበር። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ግልገል መጠበቅ ያላወቀ ልጅ በሬ አይሰጠውም። ወላጅ ልጁ ምን እንደሚችል በየቀኑ በዓይኑ ስለሚያይ መቼ ወደሚቀጥለው ሥራ እንደሚያሳልፈው የሚነግረው ሌላ ሰው አያስፈልገውም።

የንባብ ትምህርትም ተመሳሳይ ነበር። በቤተ እስራኤል ዘንድ ልጆችን የሚያስተምሩት ቀሳውስትና ደብተሮች ነበሩ። ልጁ ፊደል በቃሉ ይቆጥራል፣ ንባብ ይለማመዳል፣ ከዚያም በግዕዝ ወደ ዳዊትና ወደ ኦሪት ያልፋል። የአሥር ዓመትና የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ አንድ ላይ ቢቀመጡ የሚገርም አልነበረም። መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ያለቀው መጽሐፍ ነውና። «ዳዊት የደገመ» ከተባለ በቃ፣ ምን እንደሚችል ይታወቃል። ነገር ግን ይህን ዕድል ያገኙት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሴቶች ልጆችማ ከነጭራሹ ያገኙት ለማለት ያስቸግራል።

ዘመናዊ ትምህርት ወደ ማኅበረሰባችን የገባው ቀስ እያለ ነው። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ታምራት አማኑኤልን የመሳሰሉ ወጣቶች በአውሮፓ እንዲማሩ አደረጉ። በ1920ዎቹም በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ አቶ ታምራት መሩት፤ የኢጣልያ ወረራ እስኪመጣም ድረስ ሠራ። ከፋይትሎቪች ተማሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ተመልሰው ሕይወታቸውን በማስተማርና ማኅበረሰቡን በማገልገል አሳልፈዋል። በ1955ና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች በሁለት ዙር ወደ ክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር መጥተው ዕብራይስጥ ተማሩ፤ ብዙዎቹም ተመልሰው በመንደሮቻቸው አስተማሪ ሆኑ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት በጎንደር አካባቢ ትምህርት ቤቶች ከፍቶ እስከ 1981 ድረስ አገልግሎት ሰጥቷል። ከ1979 ጀምሮም የደርግ መንግሥት ባካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶች ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ጨብጠዋል።

እንግዲህ ወደዚህ አገር የመጣን ሰዎች የመጣነው ከአንድ ዓይነት ትምህርት አልነበረም። ከመካከላችን ዳዊት የደገመ አለ፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ አለ፣ ፊደል ያልቆጠረ ነገር ግን እርሻውን፣ ሸማውንና ሸክላውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አለ። የጠበቀን ትምህርት ቤት ግን ሁላችንንም የለካው በአንድ መለኪያ፣ በዕድሜ ነው።

የእስራኤል ትምህርት ቤት አከፋፈል

የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949፣ መንግሥት በተመሠረተ በዓመቱ ነው። በ1953 የወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶችን በመንግሥታዊና በመንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ዘርፍ አደራጀ። የግዴታው ዘመን በየጊዜው ተራዝሟል፤ በ1978 እስከ 10ኛ ክፍል፣ በ2007 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል ደረሰ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ነፃ ትምህርት የሚፈቅደው ሕግ በ1984 ቢወጣም በመላ አገሪቱ በስፋት የተሠራበት ከ2012 ወዲህ ነው።

ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ጋን፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሶዲ፣ ማለትም አንደኛ ደረጃ ይባላል። ከ7ኛ እስከ 9ኛ ሐቲቫት ቤናይም፣ ማለትም መካከለኛ ደረጃ ነው። ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሐቲቫ ኤልዮና ወይም ቲኮን፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ነው። ይህ አከፋፈል የመጣው ክኔሴት በ1968 ካጸደቀው ለውጥ ነው። አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል የሚዘልቅባቸው ቦታዎችም አሉ።

ጋን፤ ጨዋታ የሚመስለው ትምህርት

ብዙ ወላጆች «ልጄ ጋን ሲጫወት ይውላል፤ ፊደል አያስተምሩትም» ብለው ያማርራሉ። ቅሬታው ከአገር ቤት ልማድ አንጻር የሚጠበቅ ነው፤ እዚያ ትምህርት ማለት ፊደል መቁጠር ነበርና። ጋን ግን የሚሠራው ከፊደል በፊት ያለውን ሥራ ነው። ልጁ በክብ ተቀምጦ ሌላው ሲናገር ማዳመጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ የሰማውን ታሪክ በቅደም ተከተል መልሶ መናገርን፣ ቃል በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምር መለየትን፣ መቁጠርን፣ መቀስና እርሳስ አያያዝን ይለማመዳል። ግልገል እንደ መጠበቅ ያለ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ የሚቀጥለው ሁሉ ግን የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

በዚህ ዕድሜ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? አንዳንድ ወላጆች አማርኛ ወይም ትግርኛ ለልጁ እንቅፋት የሚሆን እየመሰላቸው በተሰባበረ ዕብራይስጥ ብቻ ሊያናግሩት ይሞክራሉ። ይህ ልጁን ከሁለት ያጣ ያደርገዋል። ከጋን የሚፈለገው ቃላት የበዙበት፣ ምክንያትና ውጤት ያለበት ንግግር ነው፤ ይህንንም ወላጅ አሟልቶ መስጠት የሚችለው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። አያት ማታ ተረት ነግረው «ቀበሮዋ ለምን ሸሸች? ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ብለው ልጁን ቢጠይቁት፣ መምህርቷ ጠዋት በዕብራይስጥ የምታስተምረውን ያንኑ ነገር በአማርኛ አስተማሩት ማለት ነው። ታሪክን በሥርዓት መናገር የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል።

ወደ ኪታ አሌፍ ከመግባት በፊት አንድ ውሳኔ ይመጣል። የጋን መምህርት ልጁ አንድ ዓመት ተጨማሪ በጋን ቢቆይ ይሻላል ልትል ትችላለች። አንዳንዴ ምክሩ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ግን ጉዳዩ የዕብራይስጥ ማነስ እንጂ የልጁ አለመብሰል አይደለም። ሁለቱ እንዲለዩ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። «ይህን የማይችለው በዕብራይስጥ ነው ወይስ በአማርኛም?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያጠራል።

ከኪታ አሌፍ እስከ ኪታ ቫቭ፤ ነጥቡ የሚጠፋበት ጊዜ

ስለ አንደኛ ደረጃ ከሁሉ በላይ ልናስረዳ የምንወደው ነገር የዕብራይስጥ ንባብ ከአማርኛ ንባብ የሚለይበትን መንገድ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን በራሱ ላይ ይዟል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ያለ ሰው የማያውቀውን ቃል እንኳ አንብቦ ይወጣዋል። በዕብራይስጥ ግን ድምፁን የሚያመለክተው ከፊደሉ ሥርና ላይ የሚቀመጠው ነጥብ፣ ኒኩድ የሚባለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መጻሕፍቱ ኒኩድ አላቸው። ከ3ኛና ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ነጥቡ እየቀረ ይሄዳል።

ነጥቡ ሲቀር ምን ይሆናል? ለምሳሌ ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉት ሦስት ፊደላት ተያይዘው ሴፈር ማለትም መጽሐፍ፣ ሳፓር ማለትም ፀጉር አስተካካይ፣ ሳፋር ማለትም ቆጠረ፣ ሲፐር ማለትም ተረከ ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቃሉን አስቀድሞ የሰማ፣ ዐረፍተ ነገሩንም የተረዳ ልጅ ነው። ስለዚህ በኪታ አሌፍና በኪታ ቤት ጎበዝ አንባቢ የነበረ ልጅ በኪታ ዳሌት ድንገት ሊደናቀፍ ይችላል። ልጁ አልሰነፈም። ንባቡ ከፊደል ወደ ቃላት ዕውቀት ተሸጋግሮበት ነው።

በዚያው ዕድሜ ትምህርቱም ይከብዳል። የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ፣ ታናኽና የቃል ሒሳብ ሁሉም የሚጠኑት ከመጽሐፍ ላይ በማንበብ ነው። በመጫወቻ ሜዳ የሚነገረው ዕብራይስጥና በመጽሐፍ ያለው ዕብራይስጥ የተለያዩ ናቸው። በካናዳ የሚሠሩት የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳስረዱት፣ ስደተኛ ልጅ የዕለት ንግግርን በአንድና በሁለት ዓመት ሲለምድ፣ የትምህርት ቋንቋን ከእኩዮቹ እኩል ለማድረስ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ይወስድበታል። «ልጃችን እኮ ዕብራይስጥ እንደ ውኃ ይጠጣል» እያልን የምንዘናጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕብራይስጥ የማያነብ ወላጅም ልጁን ሊመዝን ይችላል። ዘዴው ቀላል ነው። ልጁ ነጥብ ከሌለው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ያንብብ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በአማርኛ ይንገረን። መናገር ከቻለ ገብቶታል። ድምፁ ብቻ ወጥቶ ታሪኩ ከቀረ ችግር አለ፤ በማግስቱ መምህርቷን ማነጋገር ያስፈልጋል። በዕድሜ ከፍ ብለው የሚመጡ ልጆች ደግሞ ሌሎች ትንንሽ መሰናክሎች አሉባቸው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራል። የኅትመት ፊደልና የእጅ ጽሑፍ ፊደልም ይለያያሉ። እነዚህ የሚለመዱ ቢሆኑም አስተማሪው እንዲያስታውሳቸው መንገር ይጠቅማል።

ሐቲቫት ቤናይም፤ ሳይታወቅ የሚዘጋው በር

በ7ኛ ክፍል ልጁ ከአንድ መምህርት እጅ ወጥቶ በየትምህርቱ ወደ ተለያዩ አስተማሪዎች ይሄዳል። ኃላፊነቱን የምትይዝ የክፍል መምህርት፣ መሐነኽት የምትባለው፣ ትኖራለች፤ ነገር ግን እንደ የሶዲ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር አትውልም። ደብተር አያያዝ፣ የፈተና ቀን ማስታወስ፣ ጊዜን ማከፋፈል የልጁ ሥራ ይሆናል። ዕድሜውም የጉርምስና ዕድሜ ስለሆነ ቤት ውስጥ ያለው አነጋገር ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ሃክባጻ የሚባለውን አከፋፈል ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሒሳብና በእንግሊዝኛ እንደ ችሎታቸው በቡድን ይከፈላሉ። ከፍተኛው ቡድን በፍጥነት ይሄዳል፣ ዝቅተኛው በዝግታ። ዓላማው ልጁ በሚችለው ልክ እንዲማር ነው። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች የተማሩት እኩል አይሆንም፤ ዘግይቶ ከታች ወደ ላይ መሻገርም ያስቸግራል። በ13 ዓመቱ በዝቅተኛ ቡድን የተመደበና ማንም ያልጠየቀለት ልጅ፣ በ16 ዓመቱ ከፍተኛውን የሒሳብ ደረጃ ሊወስድ ቢፈልግ መሠረቱን ያጣዋል። በሩ በይፋ አልተዘጋበትም፤ እንደተከፈተ ግን አልቆየለትም።

ስለዚህ በ7ኛ ክፍል የመጀመሪያው የወላጆች ቀን ላይ ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው። ልጃችን በየትኛው ሃክባጻ ነው? የተመደበው በምን ፈተና ነው? ወደ ላይ ለማለፍ ምን ማሟላት አለበት፣ መቼስ ይፈተናል? ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ ያልጠየቀ ወላጅ ግን ላይነገረው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ አስተርጓሚ ጉዳይ እናንሣ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። በወላጆች ቀን ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መቀመጥ የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። መምህርቷ አምስት ደቂቃ ተናግራ ልጁ «ጎበዝ ነው አለች» ብሎ በሁለት ቃል ሲጨርሰው ያልሳቀ ወላጅ የለም። ሳቁ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ስለ ራሱ የተነገረውን ጉድለት እንዲተረጉም ማድረግ ለእርሱም ከባድ ነው፤ የወላጅን ክብርም ይነካል። በትምህርት ቤትና በቤተሰብ መካከል የሚያገናኙ መጋሼሪም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። በትምህርት ቤቱ ወይም በማዘጋጃ ቤቱ በኩል እንዲገኙልን አስቀድመን መጠየቅ ይኖርብናል፤ ካልተገኙም አዋቂ ዘመድ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሐቲቫ ኤልዮና፤ የባግሩት ሒሳብ

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ወደ ባግሩት ያመራል። ባግሩት የአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን በየዓመቱ የሚሰበሰብ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት በዩኒት ይለካል። ሙሉ የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 21 ዩኒት ማሟላትና ቢያንስ አንድ ትምህርት በ5 ዩኒት ደረጃ መውሰድ ያስፈልጋል። ሒሳብና እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዩኒት ይወሰዳሉ። ዕብራይስጥ፣ ታናኽ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ሥነ ዜጋ ከሚጠየቁት መካከል ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ ተማሪው መጋማ የሚባል የመረጠውን ልዩ ትምህርት ያጠናል።

ወላጅ መለየት ያለበት ሦስት ነገር አለ። 12 ዓመት ተምሮ መጨረስ አንድ ነገር ነው። ሙሉ ባግሩት ሌላ ነገር ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ባግሩት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። የምረቃ በዓል ላይ ሦስቱም ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጁ ከሠራዊት ተመልሶ በከተማችን ባለው በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ወይም በካይ የመምህራን ኮሌጅ ለመመዝገብ ሲሄድ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ደረጃ በብርቱ ይታያል፤ ለብዙ የትምህርት ዘርፎች ፕሲኮሜትሪ የሚባለው የመግቢያ ፈተናም ይጠየቃል። የዩኒት ምርጫ የሚደረገው ግን ከዚያ ቀን ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በ9ኛ ክፍል ማብቂያና በ10ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ነው።

አማርኛ ራሱ የባግሩት ትምህርት ሊሆን እንደሚችል ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። በአገር ቤት አንብቦ መጻፍ የተማረ ወጣት ይህን ዕውቀቱን ወደ ውጤት ሊለውጠው ይችላል። ለአዲስ ዖሊምም በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜን የመሳሰሉ ማቅለያዎች አሉ። ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ከዮዔጼት፣ በጊዜ መጠየቅ ይገባል።

ዕድሜው ከክፍሉ ጋር ያልተገጣጠመው

እስካሁን የተናገርነው ከጋን ጀምሮ ስላለፈ ልጅ ነው። በመካከል የገባውስ? በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲገቡ፣ የብዙዎቹ የልደት ቀን በግምት ተመዘገበ። በመከር ወራት ወይም ከአንድ ክስተት በኋላ መወለዱን ወላጅ ቢያስታውስም ቅጹ የሚፈልገው ቀን፣ ወርና ዓመት ነበር። ክፍሉ ደግሞ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። በዚህ መንገድ አንድም ቀን ትምህርት ቤት ያልገባ የ13 ዓመት ልጅ ሰባት ዓመት ከተማሩት ጋር 7ኛ ክፍል ተቀመጠ።

በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ልጆቻችን ወደ መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ተመሩ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት ደግሞ በብዛት በ1933 በተመሠረተው በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ፣ ማለትም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዱ። ፕኒሚያ ለብዙዎች ምግብ፣ መኝታ፣ ቋንቋና ጓደኛ ሰጥቷል፤ ከዚያ የወጡ መኮንኖች፣ ነርሶች፣ መምህራንና ጠበቆች አሉን። በሌላ በኩል ወላጅ ከልጁ ትምህርት ራቀ። ብዙ ወጣቶችም ወደ ሙሉ ባግሩት በማያደርሱ የሙያ ክፍሎች ተመደቡ። በነሐል ቤቃ የካራቫን ሰፈር የተቀመጠች እናት ልጇ በሩቅ ከተማ ስንት ዩኒት እንደሚወስድ ልትጠይቅ ቀርቶ ዩኒት የሚባል ነገር እንዳለ የነገራት አልነበረም።

በተጨማሪም ልጆቻችን ወደ ልዩ ትምህርት የተላኩበት መጠን ማኅበረሰቡን ለብዙ ዓመታት አሳስቧል። የልዩ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1988 ነው፤ በ2018 የተደረገው ማሻሻያም ወላጆች ልጃቸው የሚማርበትን ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲመርጡ ሰፋ ያለ መብት ሰጥቷል። ልጁ በእውነት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ አለመቀበል ጉዳት ነው። ነገር ግን ፈተናው ልጁ የማያውቀውን ቋንቋና አይቶት የማያውቀውን ዕቃ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የሚለካው ችሎታውን ሳይሆን የኖረበትን ቦታ ነው። ፕሮፌሰር ረዑቨን ፎየርስታይን በኢየሩሳሌም ያዳበሩት ዘዴ ለዚህ መልስ የሚሰጥ ነበር። ልጁ አሁን ምን ያውቃል ከማለት ይልቅ፣ ሲያስተምሩት ምን ያህል ይማራል ብሎ ይመዝናል። ዘዴው ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆችና ወጣቶችም ላይ ተሠርቶበታል። ወላጅ በኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አስተርጓሚ ሊጠይቅ፣ የሚቀርበውን ሰነድ ሊያይ፣ ያልተስማማበትንም ይግባኝ ሊል እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ናቸው። በአማራ ክልል የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ የተማረ፣ ሁለተኛ ደረጃንም በእንግሊዝኛ የጀመረ የ15 ዓመት ልጅ ሒሳብ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ የሚያውቀውን በዕብራይስጥ ሊናገር አልቻለም እንጂ። ስለዚህ የአገር ቤት የትምህርት ካርዱን አስተርጉሞ ለትምህርት ቤቱ ማቅረብ፣ ሒሳቡንም በወረቀት ላይ ሠርቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ከስህተት ምደባ ያድናል።

ለጎልማሶች

ትምህርት በ12ኛ ክፍል አያበቃም። ዑልፓን የጎልማሳው ኪታ አሌፍ ነው። ይሁን እንጂ በየትኛውም ቋንቋ አንብቦ የማያውቅ የ50 ዓመት ሰውና ጋዜጣ ሲያነብ የኖረ ሰው በአንድ ክፍል፣ በአንድ መጽሐፍ ሊማሩ አይችሉም። ለመጀመሪያው ሰው ከፊደል በፊት ንግግር መቅደም አለበት። ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ አውቶቡስና የልጅ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መጽሐፎቹ ናቸው። ወጣት ጎልማሶች ደግሞ ያልተሟላ ባግሩታቸውን በሜኺና፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ መሰናዶ ክፍል ሊያሟሉ ይችላሉ። ለዖሊም ተማሪዎች የተቋቋመው የተማሪዎች አስተዳደር ለሚያሟሉ ሰዎች በክፍያ ያግዛል።

የወላጅ መማር ለልጁም ትምህርት ነው። እናቱ ማታ ከዑልፓን ተመልሳ ደብተሯን ስትዘረጋ ያየ ልጅ፣ የቤት ሥራ የቅጣት ነገር እንዳልሆነ ያለ ስብከት ይረዳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ በጋን «የሰማውን ታሪክ በሥርዓት መናገር ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። በ4ኛ ክፍል «ነጥብ የሌለውን ጽሑፍ አንብቦ ይረዳል?» እንበል። በ7ኛ ክፍል «በየትኛው ሃክባጻ ነው? እንዴትስ ያልፋል?» ብለን እንጠይቅ። በ9ኛ ክፍል ማብቂያ «በሒሳብና በእንግሊዝኛ ስንት ዩኒት ሊወስድ ነው? መጋማውስ ምንድን ነው?» እንበል። በመካከል ለመጣ ልጅ ደግሞ «የጎደለው ዕውቀት ነው ወይስ ዕብራይስጥ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው የሚያቅፈው ሲኖር ነው። በአገር ቤት አባት ልጁ በሬ ለመያዝ መድረሱን የሚያውቀው እርሻው ላይ አብሮት ቆሞ ስለሚያይ ነበር። እዚህ እርሻው ትምህርት ቤት ሆኗል፣ ሞፈሩም መጽሐፍ። ቋንቋው አዲስ ቢሆንም ልጁ ምን እንደሚችልና ምን እንደቀረው መመልከት አሁንም የወላጅ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1 የትምህርት ቤት በር ይከፈታል። ከዚያ ቀን በፊት ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ በቃላችን ይዘን ወደ በሩ ብንቀርብ ለልጆቻችን ትልቅ እርዳታ ይሆናል።